ጥልቀት ለሌለው ውሃ የሚስማማ ጀልባ አመራረጥ

ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው በወለጋ ለሚገኙ የኤክስቴንሽን ሠራተኞች እንዲሁም ለዓሣ አስጋሪዎችና ለአናጢዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት ነው። ዓላማው አንድ ማኅበር እንጨት ገዝቶ መጋዝ ከማንሣቱ በፊት የትኛውን ዓይነት ጀልባ ቢሠራ እንደሚሻለው አመዛዝኖ እንዲወስን መርዳት ነው። የአናጢነትን ሙያ ለማስተማር አልተነሣንም፤ ይህን ከእኛ ይልቅ አናጢዎቹ ያውቁታል።

ለጽሑፉ ምክንያት የሆነን ከጉቴ የመጣ ጥያቄ ነው። ጉቴ ከነቀምቴ በስተምሥራቅ በአዲስ አበባ መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ሐይቅ የላትም። ነገር ግን ባሕር ዛፍ አላት፤ አናጢዎች አሏት፤ መንገዱም የሠሩትን ሁሉ በጭነት መኪና ወደ ገበያ ያደርስላቸዋል። የአንድ ማኅበር አባላት ከውጭ አገር መጽሔት የተቆረጠ የጀልባ ፕላን ይዘው መጡና በፊንጫ ውሃ ላይ ለሚያሰግሩ ሰዎች ሠርተን ብንሸጠው ያዋጣናል ወይ ብለው ጠየቁን። ፕላኑ የዳክዬ አዳኞች ጀልባ ነበር። አሠራሩ ቀላል፣ ሳንቃው ጥቂት፣ መልኩም የሚያምር ነው። የሰጠናቸው መልስ በአጭሩ «ወለሉን ውሰዱ፤ ጎኑን ተዉ» የሚል ሆነ። ምክንያቱን ከዚህ በታች እናስረዳለን።

የአዳኞች ጀልባ ለምን እንዲህ ተሠራ

በሰሜን አሜሪካ የዳክዬ አደን በረግረግና በሸምበቆ መካከል የሚካሄድ የቆየ ልማድ ነው። ለዚህ ሥራ ከተሠሩት ጀልባዎች አንዱ በ1836 እ.ኤ.አ. በኒው ጀርሲ ባሕር ዳርቻ ሄዝልተን ሲማን የተባለ ጀልባ ሠሪ የሠራው «ስኒክቦክስ» የሚባለው ነው። ርዝመቱ 3.6 ሜትር፣ ስፋቱ 1.2 ሜትር ያህል ነው። ወለሉ እንደ ማንኪያ ጀርባ ዝርግ ስለሆነ በጣም ጥቂት ውሃ ላይ ይሄዳል። ላዩ አብዛኛው በሳንቃ የተሸፈነ ሲሆን አዳኙ በመካከል ባለችው ቀዳዳ ገብቶ ይጋደማል። ጎኑ ዝቅ ያለው ወፎቹ እንዳያዩት ነው። ከዚያ ወዲህ በየቦታው የተሠሩት የአዳኝ ጀልባዎች፣ የጉቴዎቹ ፕላን ጭምር፣ ወለላቸው ጠፍጣፋ ሆኖ ከኮምፔንሳቶ ቢሠሩም ሐሳቡ ያው ነው፦ አንድ ሰው፣ ትንሽ ጭነት፣ ዝቅ ያለ ጎን፣ ጸጥ ያለ ውሃ።

ከዚህ ውስጥ ለእኛ የሚበጀውን መለየት ያስፈልጋል። ዝርግ ወለልና ቀላል ክብደት በጣም ይበጁናል። ዝቅ ያለ ጎን ግን ለመደበቅ የተሠራ ነው፤ ዓሣ አስጋሪ ከቆሮሶና ከአምባዛ የሚደበቅበት ምክንያት የለውም። እርጥብ መረብ፣ አንድ ረዳትና የዕለቱን ዓሣ ጭኖ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ መመለስ አለበት። ጎኑ ዝቅ ያለ ጀልባ ያን ጊዜ ውሃ ያስገባል።

ፕላኑን ያዩ አንዳንድ ወጣቶች ዳክዬውንስ ብናድንበት ብለው ጠይቀውን ነበር። የዱር እንስሳትን ለማልማት፣ ለመጠበቅና ለመጠቀም የወጣው አዋጅ ቁጥር 541/1999 ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል። በደጋ ረግረጎቻችን ከሚታዩት የውሃ ወፎች መካከል እንደ ክንፈ ሰማያዊ ዝይ ያሉት በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ የሚኖሩ ናቸው። የኤክስቴንሽን ሠራተኛው ይህን በግልጽ ማስረዳት ይኖርበታል። ለማስገርም ቢሆን ማኅበሩ በዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315/1995 መሠረት ስለ ፈቃድ አስቀድሞ መጠየቅ አለበት።

አስቀድሞ ውሃውን ማወቅ

ጀልባ የሚመረጠው ለሚሄድበት ውሃ ነው። የፊንጫ ግድብ በ1973 እ.ኤ.አ. ከመሠራቱ በፊት ስፍራው የጮመን ረግረግና የግጦሽ ሜዳ ነበር። ሜዳ ላይ የተኛ ውሃ ደግሞ ዳሩ ጥልቀት የለውም። በክረምት ውሃው ሣሩ ላይ ይወጣል፤ በበጋ ይሸሽና ጭቃ ትቶ ይሄዳል። በዳር በኩል ሣርና ደንገል መቅዘፊያ ይይዛል፤ መካከሉ ግን ለነፋስ የተጋለጠ ነው። ስለዚህ እዚያ የሚሠራ ሰው በአንድ ቀን ውስጥ ሁለት ዓይነት ውሃ ያገኛል። ጠዋት ጀልባው ሳር ላይ እንዲንሸራተት ይፈልጋል፤ ከቀትር በኋላ ማዕበል እንዲችልለት ይፈልጋል።

ለዚህ የሚሆን መለኪያ አንድ የቀርከሃ ዘንግ ነው። 3 ሜትር ርዝመት ያለው ቀርከሃ ይዘጋጅና በየ10 ሳንቲ ሜትሩ በቀለም ምልክት ይደረግበት። ጀልባው ከሚቆምበት ዳር ጀምሮ መረብ እስከሚጣልበት ቦታ ድረስ በየሃምሳ ርምጃው ግምት ይለካ። ይህ ሥራ ሁለት ጊዜ፣ አንዱ በመስከረም ሌላው በሚያዝያ ቢሠራ ይመረጣል። የመስከረሙን ብቻ ለክቶ ጀልባ የሚሠራ ማኅበር በሚያዝያ ጀልባውን ጭቃ ላይ ሲጎትት ይውላል።

የዴዴሳ ነገር የተለየ ነው። ወንዙ ክረምት ሲገባ የሚሄደው በኃይል ነው፤ ጉማሬም አለበት። ከዚህ በታች የምንገልጸው ጀልባ ለዴዴሳ የሚሆነው በበጋ፣ ውሃው ረግቶ በሚተኛባቸው ቦታዎች ብቻ ነው። በክረምት በዝርግ ጀልባ ሰው ማሻገር አንመክርም።

በአገራችን ያሉት ጀልባዎች የሚያስተምሩን

የጣና ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው። የደንገሉ አገዳ ውስጡ አየር የቋጠረ ስለሆነ ታንኳው ውሃ ቢሞላውም አይሰጥምም፤ ይህ ከእንጨት ጀልባ የሚበልጥበት ትልቅ ጠባዩ ነው። ሚስማር አይፈልግም፤ ሠሪውም በአጭር ጊዜ ይጨርሰዋል። ይሁን እንጂ ደንገሉ ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ከሥራ በኋላ ፀሐይ ላይ ቆሞ መድረቅ አለበት፤ ዕድሜውም የወራት እንጂ የዓመታት አይደለም። ደንገል በቅርብ ላለውና ሥራውን ከአባቱ ለተማረ ሰው ታንኳ ዛሬም ጥሩ ዕቃ ነው። ከጉቴ በመኪና ተጭኖ የሚሸጥ ግን አይሆንም።

በባሮ ላይ አኙዋኮች ከአንድ ግንድ የሚፈለፍሉት ጀልባ ረጅምና ጠባብ ነው። ከ1902 እ.ኤ.አ. ውል በኋላ ከካርቱም የሚመጡ በእንፋሎት የሚሠሩ መርከቦች የወለጋንና የኢሉባቦርን ቡና ከጋምቤላ ሲጭኑ በኖሩበት ወንዝ ላይ ይህ የግንድ ጀልባ ጎን ለጎን ሲያገለግል ኖሯል። መርከቦቹ ቀርተዋል፤ የግንዱ ጀልባ አልቀረም። ለወንዝ የተስማማ በመሆኑ ነው። ለአንድ ጀልባ አንድ ትልቅ ዛፍ መጣል ግን ዛሬ የሚመከር አይደለም፤ ጠባብነቱም ሚዛኑን ከልጅነት ጀምሮ ያልለመደ ሰው ይጥላል።

በአባያና በጫሞ ከውሃ ዳር የሚበቅል እጅግ ቀላል እንጨት ታስሮ ይቀዘፋል። በባሕር ዳር በኩል ደግሞ ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ወዲህ ሞተር ያላቸው ጀልባዎች ለማስገር ሥራ ገብተዋል። ሞተር ግን ጥልቅ ውሃና ነዳጅ ይፈልጋል፤ ሣር ባለበት ውሃ ማሽከርከሪያው በየጊዜው ይታነቃል። ለጀማሪ ማኅበር ገና ነው እንላለን።

ጭነትን ማስላት

አናጢው ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው ስለ ርዝመት ነው። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ስንት ኪሎ እንደሚጫን ነው። ስሌቱ ከባድ አይደለም። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ይመዝናል፤ ጀልባም ከነጭነቱ የራሱን ክብደት ያህል ውሃ ገፍቶ ቦታውን ይይዛል።

የሁለት ሰዎች ክብደት 130 ኪሎ ነው እንበል። እርጥብ መረብ፣ መልሕቅ የሚሆን ድንጋይና ውሃ መጭለፊያ 30 ኪሎ፣ ዓሣ 60 ኪሎ ቢሆን ጭነቱ 220 ኪሎ ይሆናል። ከደረቀ ዋንዛ የተሠራ የ4.2 ሜትር ጀልባ ራሱ 90 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ድምሩ 310 ኪሎ ነው። የጀልባው ወለል 3 ካሬ ሜትር ያህል ከሆነ በእያንዳንዱ ሳንቲ ሜትር 30 ኪሎ ይሸከማል። ስለዚህ 310 ኪሎ ጭኖ ከ10 ሳንቲ ሜትር ጥቂት በለጥ ብሎ ይጠልቃል። የወለሉ ጫፎች ቀና ስለሚሉ መካከሉ ላይ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ጨምረን 13 እንበለው። የጎኑ ቁመት 45 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ከውሃ በላይ 32 ይቀራል።

አሁን አንድ ሰው ዳር ላይ ቆሞ «አሻግሩኝ» ቢል 60 ኪሎ ተጨመረ፣ ጀልባውም 2 ሳንቲ ሜትር ጠለቀ። ሁለት ሳንቲ ሜትር ለዓይን ምንም አይመስልም። አደጋውም ያለው እዚህ ላይ ነው። ጀልባው አንድም፣ ሁለትም፣ አራትም ሰው ሲጨመርበት ዝም ብሎ ይቀበላል፤ ዳር ላይ ሆኖ የሚያይ ሁሉ «ገና ይችላል» ይላል። መካከል ላይ ነፋስ ሲነሣ ግን የተረፈው ጎን ለማዕበሉ አይበቃም። ስለሆነም ሙሉ ጭነት ተጭኖ ከውሃ በላይ የሚቀረው ጎን በምንም ምክንያት ከ25 ሳንቲ ሜትር እንዳያንስ፤ ሰውም ከአራት እንዳይበልጥ። ዓሣ በተጫነበት ቀን ተሳፋሪ አይጫን። በማኅበሩ ስብሰባ ይህ ደንብ ሆኖ ይጻፍ፤ የዘመድ ልመና የሚበረታው ያልተጻፈ ደንብ ላይ ነው።

ስፋትን በሚመለከት ብዙ አናጢዎች ሳንቃ ለመቆጠብ 80 ሳንቲ ሜትር ያደርጋሉ። ይህ የተሳሳተ ቁጠባ ነው። ጀልባ እንዳይገለበጥ የሚይዘው ኃይል ከስፋቱ ጋር እኩል አያድግም፤ ከዚያ እጅግ በፈጠነ ሁኔታ ያድጋል። የወለሉ ስፋት ከ80 ወደ 100 ሳንቲ ሜትር ሲጨምር ጀልባው ለመዘንበል ያለው ተቋቋሚነት እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረውም። የአንድ ሳንቃ ዋጋ ይህን ያህል ነገር ይገዛል። መረብ የሚስበው ሰው ወደ አንድ ጎን አጎንብሶ ሙሉ ክብደቱን እንደሚጥል መዘንጋት የለበትም።

የወለሉ ቅርጽስ? ወለሉ ሹል የሆነ ጀልባ ማዕበልን ይሰነጥቃል፤ ለሞተርም ይመቻል። ነገር ግን ብዙ ውሃ ይፈልጋል፤ ቆመው ሲሠሩበት ይወዛወዛል፤ ጭቃ ላይ በአንድ ጎኑ ይተኛል። ጠፍጣፋው በማዕበል ላይ ወለሉ ይመታል፣ በነፋስም ወደ ጎን ይንሸራተታል። ሁለቱንም ሞክረን ለፊንጫ ዓይነት ውሃ ጠፍጣፋውን መርጠናል። ለመንሸራተቱ መድኃኒቱ ከወለሉ ሥር፣ በመካከል ከፊት እስከ ኋላ አንድ ሞራሌ መምታት ነው።

እንጨትና የእኛ ስሕተት

ከብዙ ዓመት በፊት የራሳችንን ጀልባ ስናሠራ ሁለት ስሕተት ሠርተናል። ወለሉን ሹል አደረግነው፤ እንጨቱንም በዚያው ሳምንት የተሰነጠቀ እርጥብ ባሕር ዛፍ አደረግነው። ጀልባው ተሠርቶ ሲያልቅ ያየው ሁሉ አድንቆት ነበር። ዝናቡ አልፎ ፀሐይ ሲመታው ሳንቃዎቹ ተጣመሙ፤ በመገጣጠሚያዎቹ መካከል ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተፈጠረ። ውሃው ሲሸሽ ደግሞ ስምንት ሰው ተሰልፎ ካልጎተተው ከጭቃው አይነሣም ነበር። በሁለተኛው ዓመት የዶሮ ቤት ጣሪያ ሆነ። ለዚህም ቢሆን ከባድ ነበር።

ዋንዛ፣ በኦሮምኛ ወዴሳ የሚባለው፣ ቀላል፣ የማይጣመምና ለመጋዝ የሚመች ስለሆነ ለጀልባ ከሁሉ ይሻላል። ዝግባም ጥሩ ነው። ነገር ግን ሁለቱም እየተመናመኑ ያሉና ጥበቃ የሚደረግላቸው ዛፎች ስለሆኑ ከደን ጽሕፈት ቤቱ ፈቃድ ሳይገኝ እንዳይቆረጡ። ባሕር ዛፍ በብዛት ይገኛል፤ ክብደቱ ግን ያስቸግራል። ያው የ4.2 ሜትር ጀልባ ከባሕር ዛፍ ቢሠራ ወደ 150 ኪሎ ይጠጋል። ልዩነቱ 60 ኪሎ ነው፤ ማለትም ሁልጊዜ የማይወርድ አንድ ሰው እንደ መጫን ነው። ዋንዛ የሚገኘው ጥቂት ከሆነ ወለሉና ጎኑ በዋንዛ፣ የውስጡ አጥንትና መቀመጫው በባሕር ዛፍ ሞራሌ ቢሠራ መልካም ነው። ባሕር ዛፉ ከተሰነጠቀ በኋላ በጥላ ሥር፣ በየሳንቃው መካከል ጭራሮ እየተደረገ ተደርድሮ፣ ላዩ ድንጋይ ተጭኖበት ቢያንስ ከአንድ በጋ በላይ ይድረቅ።

ፕላኑ የሚያዝዘው ኮምፔንሳቶ ነበር። በከተማ ሱቅ የሚሸጠው አብዛኛው ኮምፔንሳቶ ለቤት ዕቃ የተሠራ ነው፤ ኮላው ውሃ ስለማይችል ንብርብሩ ይላቀቃል። ለውሃ የተሠራ መሆኑ ያልተረጋገጠ ኮምፔንሳቶ ለጀልባ አይገዛ። ለመሞከር ቁራጩን ድስት ውስጥ አንድ ሰዓት መቀቀልና ማድረቅ ነው። ከተላቀቀ ለኮርኒስ ይሁን።

የምንመክረው ንድፍ

ጠቅላላ ርዝመቱ 4.2 ሜትር ይሁን። የወለሉ ስፋት በመካከል 1 ሜትር፣ በኋላ ጫፍ 75 ሳንቲ ሜትር ሲሆን የፊቱ ጫፍ ሹል ይሆናል። ጎኖቹ ወደ ውጭ ገለጥ ብለው አፉ በመካከል 1.25 ሜትር ይስፋ፤ ጀልባው ሲዘነብል ይህ የተገለጠው ጎን ውሃውን ተደግፎ ይመልሰዋል። የጎኑ ቁመት 45 ሳንቲ ሜትር ነው። ወለሉ ከፊት 8፣ ከኋላ 5 ሳንቲ ሜትር ቀና ይበል፤ ሣር ላይ የሚያንሸራትተው ይህ ነው።

የወለሉ ሳንቃዎች ከፊት ወደ ኋላ ሳይሆን ከጎን ወደ ጎን ይመቱ። በዚህ ዓይነት ረጅም ሳንቃ መፈለግ ይቀራል፤ አንዱ ሲበሰብስም እሱን ብቻ ነቅሎ መለወጥ ይቻላል። ውፍረታቸው 2.5 ሳንቲ ሜትር፣ የጎኑ 2 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ሚስማሩ ዚንክ የተቀባ ይሁን፤ ተራ ሚስማር ቶሎ ይዝጋል። መገጣጠሚያው ካትራሜ በጠጣ የጥጥ ክር ይደፈን፤ ከውጭም ካትራሜ ይቀባ። የተቃጠለ የሞተር ዘይት የሚቀቡ አሉ፤ ዘይቱ ውሃው ላይ እየተንሳፈፈ ዓሣውን ስለሚያሸትተው ይህ ልማድ ቢቀር ይሻላል። ጀልባው ከሥራ ውጭ በሚሆንበት ጊዜ ተገልብጦ ጥላ ሥር ይቀመጥ፤ ከረጅም ዕረፍት በኋላም እንጨቱ አብጦ እንዲገጥም አንድ ሌሊት በውሃ ይዘፍዘፍ።

በመቀመጫዎቹ ሥር ክዳናቸው የጠበቀ ስድስት ባለ 20 ሊትር ባዶ ጀሪካኖች በገመድ ይታሰሩ። የእንጨት ጀልባ ውሃ ሲሞላው ባይሰጥምም ሰው አይሸከምም፤ ስድስቱ ጀሪካኖች ግን 115 ኪሎ ያህል ወደ ላይ ይይዛሉ። ለእያንዳንዱ ሰው የመንሳፈፊያ ሰደርያ ይገዛ። እስኪገዛ ድረስ ሁለት ባለ 5 ሊትር ጀሪካኖች በአጭር ገመድ ተያይዘው በእያንዳንዱ ሰው አጠገብ ይቀመጡ፤ ደረት ሥር ሲደረጉ አንድን ሰው ያንሳፍፋሉ። ከፊንጫ ዳር የሚኖር ሰው ሁሉ ዋና ያውቃል ብሎ መገመት አይገባም።

ከማስረከብ በፊት

ጉቴ ላይ የተሠራ ጀልባ ውሃ ሳያይ መሸጥ የለበትም። የኤክስቴንሽን ሠራተኛው ባለበት፣ ውሃው እስከ ወገብ በሚደርስበት ዳር ይሞከር። በመጀመሪያ ባዶውን አንድ ሰዓት ቆሞ የሚያስገባው ውሃ ይታይ። ቀጥሎ አሸዋ የተሞሉ ከረጢቶች እየተመዘኑ እስከ 220 ኪሎ ይጫኑና ከውሃ በላይ የቀረው ጎን በሜትር ይለካ። ከዚያም ከረጢቶቹ ሳይወርዱ ሁለት ሰዎች ወደ አንድ ጎን ተጠግተው ይቀመጡ። የዚያ ጎን ጠርዝ ከውሃው ጋር ከተስተካከለ ወይም ውሃ ካስገባ ጀልባው ወደ አናጢው ይመለስ፤ ክፍያውም ይቆይ። ሙከራውን ካለፈ ከጠርዙ 25 ሳንቲ ሜትር ወደ ታች ተለክቶ በሁለቱም ጎን ነጭ መስመር ይቀባ። መስመሩ ውሃ ውስጥ ከገባ አንድ ሰው ይወርዳል፤ የሚወርደውን የሚመርጠው ቀዛፊው ነው።